ራካያ ላይ የተሞከረችው ጀልባ

«ቤንዚኑን እንዳትቀንሺ! ከቀነስሽ መሪ የላትም» አሉ የጀልባዋ ባለቤት ኖሊን፣ ድምፃቸውን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርገው።

ፊሊፓ መሪውን በአንድ እጇ፣ የቤንዚን መስጫውን እጀታ በሌላው ጨብጣለች። የራካያ ወንዝ ከፊቷ በጠጠር መሀል ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ ሦስቱም ቁርጭምጭሚት እንኳ የሚያረጥብ ውሃ ያላቸው አይመስሉም።

«በየት በኩል ልግባ?»

«ትልልቁ ሞገድ ባለበት። ጥቃቅኑ ሲርገፈገፍ ያየሽበት ጋ ጠጠሩ ቅርብ ነው።»

በመሀለኛው ገባች። ጀልባዋ በስሱ ውሃ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራታ አለፈች። ከኋላ ወንበር ልጇ ብሪዲ ሳቀች። የፊሊፓ ባል ክሬግ ግን አልሳቀም።

ባልና ሚስቱ ክረምቱን ሙሉ የተከራከሩት የትኛዋን ዓይነት ጀልባ እንግዛ በሚለው ነው። ክሬግ የሚፈልገው ሞተሯ ከኋላ የሚንጠለጠለውን፣ ባለ ፕሮፔለሯን ጀልባ ነው፤ ብዙ ቤንዚን አትፈጅም፣ ሐይቅ ላይ ስኪ ያደረገ ሰው እየጎተተች ታንሸራትታለች፣ ቀስ ሲሏትም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ፊሊፓ ደግሞ ልጃቸው እንደ ዳክዬ ከጀልባ ጀርባ ውሃ ውስጥ ስለምትውል፣ ብረት በሚሽከረከርበት አላስዋኛትም ብላለች። ውሃ ስባ በኋላዋ የምትተፋው እንደዚህች ያለች ጄት ጀልባ ከታች የሚቆርጥ ነገር የላትም፤ መሪዋ የሚሠራው ግን ውሃውን እየተፋች እስከሄደች ብቻ ነው። ክሬግ የዓሣ መርከብ ሠራተኛ ነው፤ በጋውን አብዛኛውን ባሕር ላይ ያሳልፋል። የትኛዋም ብትገዛ የምትነዳት ፊሊፓ ናት። ይህን ግን ሁለቱም አፍ አውጥተው ተናግረውት አያውቁም።

ወንዙ ወደ ግራ ታጠፈ። መታጠፊያው ላይ ጎርፍ የጣለው የአኻያ ግንድ ቅርንጫፎቹን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ተጋድሟል።

«አየሁት» አለች ፊሊፓ። መሪውን አዞረች፤ የጀልባዋም አፍንጫ መዞር ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ከትከሻዋ በላይ አንድ እጅ መጣና እጀታውን ወደ ኋላ ሳበው።

ሞተሩ ጋብ አለ። መሪው እጇ ላይ ቀለለ፤ ወዲያ ብትለው ወዲህ ጀልባዋ የምትሰማት አልሆነችም። ውሃው እንዳሻው ገፋትና ከግንዱ በክንድ ርቀት አሳልፎ፣ በጎኗ እያንሿሿ ጠጠሩ ላይ አወጣት። ሁሉም ወደ ፊት ተወረወሩ።

«ይዤው ነበር እኮ» አለች ፊሊፓ።

«ግንዱ ላይ ልትወጪ ነበር» አለ ክሬግ።

«አባዬ ነው የሳበው» አለች ብሪዲ፣ ለማንም ሳትል።

ኖሊን ሞተሩን አጠፉና ወደ ክሬግ ዞሩ። እኚህ ሴት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጀልባዋን የሚሸጡት መንዳት አቅቷቸው አይደለም፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ተሳቢው ላይ ለመጫን የሚያግዛቸው ስለጠፋ ነው።

«መርከብ ላይ ነው የምትሠራው አይደል?»

«አዎ።»

«ካፒቴኑ መሪ ሲይዝ እጁ ላይ እጅህን ትሰዳለህ?»

«ኧረ አልሰድም።»

«ለምን?»

«ባሕር ውስጥ ይጥለኛል።»

«እንግዲህ ሚስትህ ደግ ናት» አሉና እግራቸውን አንሥተው ጠጠሩ ላይ ወረዱ።

ኖሊን ከጀልባዋ ሆድ ሥር እጃቸውን ሰደው፣ ውሃ መሳቢያዋ ላይ የተሰነቀሩትን ጠጠሮች እየነቀሉ ይጥሉ ጀመር። እየሠሩም ያወራሉ። «አልዋሻችሁም። ሐይቅ ላይ ቀስ ካላችኋት እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሣር ካገኘች ትውጠውና ያንቃታል። የቤንዚኑን ነገርማ ተዉት፤ ባሌ ከእኔ ይልቅ ከማደያው ሰውዬ ጋር ነው ያረጀው። ያችኛዋ ብትሆን ኖሮ ግን ፕሮፔለሯን እዚህ ቀብረን በእግራችን ነበር የምንገባው።»

አራቱም ገፏት። ክሬግ እስከ ወገቡ ረጥቦ ትከሻውን ሰጣት፤ ጀልባዋ እያቃሰተች ወደ ውሃው ተመለሰች። ሊሳፈር እግሩን ሲያነሣ ኖሊን ከለከሉት።

«እዚህ ጋ ውሃው ስስ ነው። ከባዱ ሰው በእግሩ ይሂድ። ከታች ጸጥ ያለው ውሃ ጋ እንጠብቅሃለን።»

«እኔም ከአባዬ ጋር» አለች ብሪዲ።

ክሬግ ሚስቱን አያት። የልጁን እጅ ያዘ።

ፊሊፓ ሞተሩን አስነሥታ እጀታውን ወደ ፊት ገፋች። የሚነካባት አልነበረም። ጀልባዋ ብድግ አለች፤ ውሃው ሲጠብም ሲሰፋም መሪው የምታዝዘውን ሰማ። ኖሊን አጠገቧ ተቀምጠው የጀልባዋን ጠርዝ እንደ በሬ ጀርባ በመዳፋቸው ያሻሹ ነበር።

ጸጥ ያለው ውሃ ጋ ሲደርሱ፣ ፊሊፓ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሽቅብ አዙራ አቆመቻት።

«ትወስዷታላችሁ?» አሉ ኖሊን።

«እኔ እወስዳታለሁ። እሱ ሲደርስ ይነገረዋል።»

ኖሊን ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ፊታቸውን በሩቁ ወደሚታዩት ተራሮች መለሱ።

ጠጠሩ ሰፊ ነው፤ ሁለቱ እስኪመጡ ቆየች። ብሪዲ ከፊት ትዘላለች። ክሬግ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ መሬት ረግጦ እንደማያውቅ ሰው እየተጠነቀቀ ይራመዳል። ፊሊፓ ቲማሩ ወደብ ላይ በነፋስ ቆማ ስንቴ ጠብቃዋለች፤ ከመርከብ ከሚወርዱት ሰዎች መሀል ቢጫ ካፖርቱን በዓይኗ ስትፈልግ። እሷ ውሃ ላይ፣ እሱ መሬት ላይ ሆነው ግን ጠብቃው አታውቅም። ከዚህ ሲታይ አጭር ነው፤ ፀሐይም አንገቱን አቅልቶታል።

ውሃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«በየት በኩል ልውጣ?»

ሞተሩን አጠፋች። «ከኋላ፤ የሚቆርጥ ነገር የላትም» አለችው፣ እጇንም ዘረጋችለት።