ዓይን የሚመረምረው መኪና

የመኪናው አዲሱ አፕዴት፣ ማለትም የሶፍትዌር ማሻሻያው፣ በማግስቱ ጠዋት እንደሚጫን ዶክተሯ ለሹፌሯ የነገረችው ማታ ከመኪናው ስትወርድ ነው።

«ጋሼ፣ ነገ ክሊኒኩ ጋ ባለሙያ ይጠብቀናል። ለመኪናው አዲስ ነገር ወጥቶለታል።»

«ደግሞ ምን ቀረው?» አለ ሹፌሩ። «መናገሩን ይናገራል። መዝፈን ነው የቀረው።»

«ዓይን ያያል አሉ። የሹፌሩን ዓይን በካሜራ እየተከታተለ፣ መንገዱን ማየት አለማየቱን ይለያል። ካላየ ለባለቤቱ ይነግራል።»

ሹፌሩ ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ እሱም አያውቅም።

ዓይኑ ከከዳው ቆይቷል። የሰው ፊት የሚታየው በእንፋሎት በደፈረሰ መስታወት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ነው። የትራፊክ መብራቱን ቀለም የሚለየው አጠገቡ ያሉት መኪኖች ሲቆሙና ሲነሡ ነው። ይህን ከሚስቱ በቀር ለማንም አልነገረም። ከቤት እስከ ክሊኒክ ያለውን መንገድ ግን እንደ ገዛ ጓዳው ያውቀዋል፤ የት እንደሚታጠፍ፣ የት ጉድጓድ እንዳለ ሰውነቱ ይነግረዋል።

ዶክተሯን መዋዕለ ሕፃናት ያመላለሳት እሱ ነው። አባቷ ሲሞቱ ቤቱም፣ አሮጌው መኪናም፣ ሹፌሩም ለእሷ ደረሱ። ዛሬ የራሷ ፀጉር ሸብቷል፣ የሰው ጥርስ ትነቅላለች፣ እሱን ግን አሁንም ጋሼ ትለዋለች። እሱም በሰው ፊት «ዶክተር፣ እርስዎ» ይላታል፤ ሲረሳው አንቺ ነች።

የኤሌክትሪኩን መኪና አምና ስትገዛ ተሳልቆ ነበር። «የማይጮህ መኪና ምን መኪና ነው?» የመጀመሪያው አፕዴት ሲጫንለት ግን አፉን ያዘ። መሪው ቅቤ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጭረት እንኳ አልነካውም። የክሊኒኩ ጥበቃ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ዞሮ ያይና «አንተ ሰውዬ፣ እንደ እንቁላል ነው እኮ የያዝከው!» ይለዋል።

«እኔ ምን አየሁና» አለ ያን ማታ ለሚስቱ፣ የመድኃኒት ጠብታ ዓይኑ ላይ ስታደርግለት። «እግዜር ነው የሚነዳው።»

«እግዜርን እስከ መቼ ታሠራዋለህ? ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«አላይም በላት።»

«ጎሽ! ከዚያ መሪውን አስረክቤ ቤት ቁጭ ብዬ ዝንብ ላባርር?»

«ሰው ብትገጭስ?»

ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረው በዚሁ ጥያቄ ነው። ከሥራ መባረሩን አንዳንዴ በሐሳቡ ይለምደዋል። ከጎማ ሥር የሚወጣ የሕፃን ጫማ ግን በዓይነ ሕሊናው በመጣበት ቁጥር እንደ ብርድ ያንዘፈዝፈዋል።

ጠዋት ዶክተሯን ሊወስድ ሲደርስ በረንዳው ላይ በስልክ እያወራች ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች።

«አይ፣ እሳቸው አያውቁም… የለም፣ እንዳትነግራቸው፣ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ… አውቃለሁ እኮ፣ አንጀቴ አልችል አለኝ እንጂ።»

የእግሩን ኮቴ ስትሰማ ስልኩን ዘጋች።

አለቀልኝ፣ አለ ሹፌሩ በሆዱ።

ጉዞ ጀመሩ። ዶክተሯ ሌላ ጊዜ ስለ በሽተኞቿ እያወራች ታስቀው ነበር፤ ዛሬ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ከትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ሲወጡ ፀሐይዋ ከፊት ለፊት መጣች፤ ለዓይኑ የቀረችው ብልጭታም ጠፋች። ሹፌሩ ነጭ ነገር ብቻ አየ። መሪውን ጨምቆ ያዘ። አንገቱን አስግጎ ቀጠለ። አሁን አንድ ነገር ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ።

መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ፍሬኑን መቼ እንደረገጠው አያውቅም። ከፊቱ ቢጫ ነገር ብዥ ብሎ ታየው፣ ቀጥሎ የልጅ ሳቅ ሰማ። አንዲት ተማሪ የወደቀ ኳሷን ከመኪናው አፍንጫ ሥር አንሥታ ሮጠች። ተማሪ የምታሻግረው ሴትዮ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች።

«ተባረክ ሾፌሬ! ዓይን ማለትስ ያንተ ነው!»

ሹፌሩ አንገቱን ነቀነቀ። ዶክተሯን በመስታወት ሊያያት ሞከረ፤ ፊቷ ለእሱ ጭጋግ ነው።

ክሊኒኩ ግቢ ሲደርሱ ባለሙያው ላፕቶፑን ታቅፎ ቆሟል። ዶክተሯ በሩን ልትከፍት ስትል ሹፌሩ ጠራት።

«ቆይ፣ አትውረጂ።»

እጇን መለሰች።

«ያ ሰውዬ ሳይጭነው ከእኔው አፍ ስሚው። አላይም። ዛሬ አይደለም፣ ከቆየ ነው። ያቺን ልጅ አላየኋትም። እግሬ ከየት መጥቶ እንደረገጠ አላውቅም። ገድያት ቢሆንስ? ወይ አንቺን? በዚህ እጄ ደብተርሽን ተሸክሜ ያሳደግኩሽን ልጅ፣ ፈሪ ስለሆንኩ ብቻ ስንት ቀን ሞት አፋፍ ወሰድኩሽ።»

ድምፁ ተሰበረ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ባለሙያው መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ። ዶክተሯ በእጇ ምልክት ከልክላ መለሰችው፤ ከኋላ ወንበር ዘንበል ብላ የሹፌሩን ትከሻ ያዘች። እሷም እያለቀሰች ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «ከመጀመሪያው አፕዴት ወዲህ እኮ መኪናው ራሱን በራሱ ነው የሚነዳው፤ እርስዎ ነድተውት አያውቁም።»