እጅሽን አታንሺ

ዶክተር ጁሳራ ቀዝቃዛውን ጄል ደረቱ ላይ ስትቀባው፣ «ወንድ ነው ሴት?» አላት ዴልሚሮ።

ሕመሙ ትንፋሹን እየቆረጠው እንኳ ቀልድ አይተውም። አልትራሳውንድ ያየው ሟች ሚስቱ ልጃቸውን ያረገዘች ጊዜ ብቻ ነው።

«መንታ ነው፣ ጋሼ። አሁን እንዳይንቀሳቀሱ።» መሣሪያውን ደረቱ ላይ ጫን አደረገችው። «የልብዎን ደም ስር የረጋ ደም ዘግቶታል። በክንድዎ በኩል ደቃቅ አረፋ ሰደናል። ይሄ ድምፅ ይልክና አረፋውን ያፈነዳዋል፤ አረፋው ሲፈነዳ የረጋውን ይሸረሽረዋል። እላይ ደም ስሩን በቱቦ የሚከፍቱት እስኪዘጋጁ እንሞክረዋለን።»

«ድምፁ ግን አይሰማም።»

«ለእኛ ነው የማይሰማው።»

ነርሱ ለማን ልደውልልዎ አለው። ልጁ ሊዝበን ናት። «እዚያ አሁን መሽቷል፤ አትቀስቅሳት» አለ ዴልሚሮ። እውነቱ ግን ስልኩን ባታነሳስ ብሎ ፈርቶ ነው።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚሉት ለስስታም ነው። ዴልሚሮ ምን ያርግ? ሳኦ ፓውሎ መሃል ከተማ፣ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ አሳንሰር ሲነዳ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው፤ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቀ ሕዝብ ሲያወጣ ሲያወርድ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከፀጉር አስተካካዩ በቀር የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም። አሁን ሊሞት ይችላል፤ ያ ያስፈራዋል። የዶክተሯ ግራ እጅ ደግሞ ትከሻውን ይዟል፤ ይሞቃል።

ቀስ በቀስ ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ለቀቀው። አየር እስከ ሆዱ ወረደለት።

«አሁንስ? ያምዎታል?»

እጇን ልታነሳ መሰለው። «ያመኛል» ብሎ ዋሸ፣ እንደ ሕፃን።

ጁሳራ የልብ ምቱን መስመር አየች። ቅድም ተራራ ያከለው ጉብታ ወርዷል።

«እንግዲያው ትንሽ እንቆይ» አለች።

ወዲያው ከላይ ተጠሩ። ነርሱ የመሣሪያውን ሶኬት ነቀለና ጥግ አስያዘው። አልጋው ሲገፋ ግን የጁሳራ ቀኝ እጅ ጄል እንደነካው ደረቱ ላይ ነበር፤ አብራው ትራመዳለች። ዴልሚሮ ጥግ የቀረውን መሣሪያ አየ፤ ቀጥሎ እጇን አየ። እንደነቃችበት ገባው። አፈረ፤ ግን እጅሽን አንሺ አላላትም።

አሳንሰሩ ተከፈተ። አልጋው ሲገባ ውስጥ የነበረው ሰው ተጠጋጋ፤ የአንዱ ክንድ እግሩን ነካው። በሩ ተዘጋ።

«ስንተኛ ፎቅ?» አለ ዴልሚሮ።