የወይዘሮ መሰለች የዱባይ ሳምንት

ወይዘሮ መሰለች በስልሳ ዓመታቸው ዱባይ ሄደው አንድ ሳምንት ሊዝናኑ ወሰኑ። ወሬው ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ገላን ኮንዶሚኒየም ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

መሄዳቸው እንኳ ብዙ አላስገረመም። አንድ ልጃቸው ሮዳስ እዚያ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1999፣ የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው ለደላላ ከፍለውላት፣ ሰፈርተኛው ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ ቦሌ ድረስ እያለቀሰ ሸኝቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓይናቸው አላዩዋትም። ናፍቆቱ እንደ ቁርጥማት ሆኖባቸዋል፤ ክረምት ሲገባ ይብሳል።

ያስገረመው ዝግጅታቸው ነው። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የሳምንቱን ፕሮግራም ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ሰኞ፣ ባሕር ማየት። ማክሰኞ፣ ረጅሙ ፎቅ። ረቡዕ፣ ጾም ስለሆነ ዕረፍት። ሐሙስ፣ የወርቅ ገበያ፤ ለማየት ብቻ። ዓርብ እንደ ረቡዕ። ቅዳሜ፣ ባሕሩን ደግሞ ማየት።

ከአቃቂ ወንዝ ሌላ ውሃ ስለማያውቁ ባሕሩ ትንሽ አሳስቧቸዋል። ቢሆንም ሰፊ ኮፍያ ገዙ። ጎማ ያለው ቀይ ሻንጣም ገዙ።

ሮዳስ በየእሁዱ በቤት ስልክ ትደውላለች። ነገሩን የሰማች ዕለት ንግግራቸውን ሳታስጨርስ አቋረጠቻቸው።

«እማዬ፣ በሐምሌ? እዚህ እኮ ሰው በሙቀት ይሞታል!»

«ኮፍያ ገዝቻለሁ።»

«ሆቴሉ ሞልቷል።»

«አንቺ ክፍል ምንጣፍ ላይ እተኛለሁ። ደግሞ የምን ጩኸት ነው እሱ? ድምፅሽ አልሰማ አለኝ።»

«ማቀዝቀዣው ነው፣ ኤሲው» አለች ሮዳስ ፈጠን ብላ።

የአጥር ጎረቤታቸው ሞሚና የወሎ ሰው ናት፤ ሳሪስ ገበያ ቅመማ ቅመም ትነግዳለች። የእሷም ልጅ አማል ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ጉዞውን እንደሰማች ለአማል የሚደርስ ሁለት ኪሎ በርበሬና ቆሎ ቋጥራ መጣች።

«ኪሎ ሞልቶብኛል» አሉ ወይዘሮ መሰለች።

ይኼ ነውር ነው። በአቃቂ፣ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የራሱን ልብስ ትቶ የሰው በርበሬ ይዞ ይሄዳል እንጂ መልእክት አይመልስም። ሞሚና በርበሬዋን እንዳቀፈች ቆመች። ወይዘሮ መሰለች በአንድ እጃቸው ሻንጣውን አንሥተው ሥሩን ጠረጉና መልሰው አስቀመጡት።

«እትዬ መሰሉ፣ አይቀየሙኝና» አለች ሞሚና በመጨረሻ፣ «አማል ሮዳስን አንድ ቀን እንኳ አግኝታት አታውቅም። ልጅቷስ እናቷ እንዳይመጡባት ምን አስፈራት? ወላሂ፣ ሆቴል አይደለም የምትሠራው። ወይ እንደ አማል ሰው ቤት ነች፣ ወይ አግብታለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

«የፈለገችውን ትሁን። እኔ የራበኝ ዓይኗ ነው።»

ይህን ብለው ባለፈው ፋሲካ ሮዳስ ከዱባይ በመጣች ጓደኛዋ እጅ የላከችላቸውን ነጭ ፎጣ አሳዩዋት። የሆቴሉ ስም በወርቃማ ክር ተጠልፎበታል። ወይዘሮ መሰለች ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአቃቂው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ክፍል ነበሩና ጨርቅ ካገኙ መዳሰስ አመላቸው ነው። ቀጭን ሰማያዊ ክር የሚሄድበትን ጠርዝ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ጥሩ ጨርቅ ነው» ብለው ሻንጣው ውስጥ ከተቱት።

በዚያ ሳምንት ሮዳስ ሦስት ጊዜ ደወለች። አንድ ቀን ቪዛ ከልክለዋል አለች፤ አንድ ቀን በሽታ ገብቷል፤ በሦስተኛው ራሷን አሟታል። ወይዘሮ መሰለች ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነበር።

«እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። ሁለት ሰዓት። ሰማሽ?»

ልጃቸው የት ሰፈር እንደምትኖር ግን አልጠየቁም። ይህን የታዘበችው ሞሚና፣ ሴትዮዋ በሰው አገር ጠፍተው ሊቀሩ ነው ብላ ከልቧ ተጨነቀች።

እሁድ በአንድ ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ እንዳትሄጂ! እባክሽ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ!»

«ታክሲው መጣ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ሻንጣው አጠገብ ተቀመጡ። ሞሚና ቂሟን ትታ ልትሸኛቸው መጥታ ነበር። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የግቢው በር ተደበደበ። ሞሚና ታክሲው መስሏት ሮጣ ከፈተች።

ሮዳስ ናት። ጃንጥላም ሻንጣም የላትም። በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው፤ ፀጉሯ በዝናብ ርሶ ፊቷ ላይ ተለጥፏል።

«ቪዛው የውሸት ነበር» አለች ገና ከበሩ። «ቦሌ ከውስጥ መለሱኝ። ወርቅሽን አስሽጬ፣ ያን ሁሉ ሰው አስለቅሼ፣ በምን ዓይኔ ልመለስ? እዚሁ ሳሪስ ነው ያለሁት እማዬ፣ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጋ። ምግብ ቤት ነው የምሠራው። አራት ዓመት ሙሉ!»

ሞሚና «ያ አላህ!» ብላ ወይዘሮ መሰለችን ልትደግፍ ዘወር አለች።

ወይዘሮ መሰለች ግን ጎንበስ ብለው ቀዩን ሻንጣ ከፈቱ። ከነጩ ፎጣ በቀር ምንም አልነበረበትም። ፎጣውን አወጡና የልጃቸውን ፀጉር ያደርቁ ጀመር።

«ዝም በይ፣ ይበርድሻል» አሉ፤ «ይቺን ሰማያዊ ክር ሠላሳ አንድ ዓመት የሸመንኳት እኔ ነኝ፤ የእኛ ፋብሪካ ፎጣ ደግሞ ከሳሪስ አልፎ አያውቅም።»