ማኅተሙ ያልተነካ ደብዳቤ

የታሪክ ተመራማሪዋ፣ ሰዎች ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በገዛ ቤተሰባቸው ላይ የጻፏቸውን የጥቆማ ደብዳቤዎች ስታጠና አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ዛሬ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ማኅተሙ ያልተነካ አንድ ደብዳቤ አመጡላት።

«እንኪ ልጄ፣ የሙት ሐሜት መቼም አይሰለችሽ!» አሉና ስቀው ሄዱ።

የማኅተሙን ሰም በቀስታ አነሳችው። ቀለሙ ቢደበዝዝም ይነበባል።

«ሚስቴ ዛሬ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ‹አርግዣለሁ፤ ለእናትህም እንዳትነግር› አለችኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራዋ ደጃፍ ውሰዷት። እኔ አስጠራታለሁ።»

ተመራማሪዋም ዛሬ ጠዋት፣ ጫማዋን እያሰረች፣ ይህንኑ ቃል በቃል ለባሏ ነግራው ነበር። እሱም ግንባሯን ስሞ «ከእኔና ካንቺ አያልፍም» ብሎ ምሎላታል።

ለስድስት ሁለት ጉዳይ ላይ ሽማግሌው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ባልሽ በር ላይ ሆኖ ያስጠራሻል። ሰዎችም ይዞ መጥቷል።»