የማንደፍሮ መዳፍ

ባትላሜራው ማንደፍሮ የተጎዳ የመኪና በር በስቱኮ ሞልቶ ሲያበቃ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ዓይን ያታልላል፣ መዳፍ ግን አይዋሽም ባይ ነው። ዘንድሮ ጋራዡ ያመጣው የስቱኮ መዳበሻ ጓንት ደግሞ የፀጉር ውፍረት የምታህል ጉብታ እንኳ ያሳውቀዋል። በምትኩ ጓንቱን ካወለቀ በኋላም መዳፉ እስኪነጋ ድረስ ከጉብታና ከጉድጓድ በቀር ምንም አይሰማውም። ማንደፍሮ ይህን ከጓንቱ ጋር በመጣው ውል ላይ አንብቦ ሲፈርም ግድ አልሰጠውም።

ማምሻውን "ዛሬ ብቻ ሦስት በር ጨረስኩ!" እያለ ቤቱ ገባ። ሚስቱ አስካለ ሕፃኗን ታቅፋ ጠበቀችው።

"የኔ እጅ ልብስ ሲያጥብ ውሎ ደንዝዟል፤ እስቲ ግንባሯን ዳብስልኝ፣ ትኩሳት አላት?"

ማንደፍሮ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሳት።

"ልሙጥ ነው" አለ ረክቶ። "እንከን የለውም።"

አስካለ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጇን ግንባር ሳመች፤ ከንፈሯን ፈጃት።