እጅ የማያስገባ ጦርነት

ሻምበል ጉልላት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያዙት ሰው ልጃቸው ኤልዳና ብቻ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች አገኟትና ተቆጡ።

«ወታደር አሰልፎ፣ ሲዋጉ ቁጭ ብሎ ማየት ምን ጨዋታ ነው? የሥራ ፈት ነገር! ከነገ ጀምሮ ኢንተርኔቱን አስቆርጠዋለሁ።»

«ያስቆርጡት አባባ፤ እኔ ግን አልተውም» አለችና ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

የመጨረሻ ጨዋታዋም ከሆነ ከትልቁ ተጫዋች ጋር ልትገጥም ቆረጠች። «የበረሃው መብረቅ» የሚባለውን ተጫዋች እስካሁን የረታው አልነበረም። ጋሻ ጃግሬዎቹን ከፊት፣ ቀስተኞቹን ከኋላ አሰለፈ። እሷ ጥቂት ወታደሮች ከፊት አሰልፋ፣ በቀራት የጨዋታ ሳንቲም ሁሉም የሚንቃቸውን ባለ ጩቤዎች ገዝታ ጥግ ላይ አቆመቻቸው። የማሰለፊያው ሰዓት አለቀ። ከዚህ በኋላ ሁለቱም አንድ ወታደር እንኳ ማንቀሳቀስ አይችሉም።

ውጊያው ተጀመረ። የፊት ሰልፏ እንደ ቅጠል ረገፈ። ኤልዳና ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ባለ ጩቤዎቹ የጠላትን ጋሻ ጃግሬዎች ዘለው ከኋላ ገቡ፤ ቀስተኞቹንም አንድ በአንድ ጣሏቸው። «አሸንፈሻል» የሚል ጽሑፍ ስልኳን ሞላው።

ወዲያው ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ሲመታ ተሰማ።

«ኧረ በኋላዬ ገቡ! ቀስተኞቼን ፈጇቸው!» የሚል የአባቷ ድምፅ ተከተለ።

ኤልዳና በሯን ከፍታ ሳሎን ገባች፤ ስልካቸውን ለመደበቅ ከሚታገሉት ሻምበል ፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ወታደሮችዎን ያሰልፉ አባባ» አለች።