ሃያኛው ውርወራ

አርባ ሁለት ተማሪዎቼን ሳንቲም ሃያ ጊዜ ወርውራችሁ ውጤቱን ጽፋችሁ አምጡ አልኳቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት አመጡ፦ ዘውድ፣ ጎፈር፣ ጎፈር... ሃያኛው ላይ ደግሞ ሁሉም «አልወረደችም» ብለው ጽፈዋል።

«መኮረጅ እንኳ አትችሉበትም! ፕሮባብሊቲ አስተምሬ ይሄን ታመጡልኛላችሁ?»

«ዱጋ ቲቸር፣ እውነቴን ነው» አለች ሕብረት። «እኔ አኖ ከተማ ሄጄ፣ እናቴ ቤት ነው የሠራሁት። ከማን እኮርጃለሁ?»

በንዴት የአንድ ብር ሳንቲም ከኪሴ አወጣሁ። «አንዱ ውርወራ በሌላው ላይ ምንም ተጽዕኖ የለውም፤ እዩ!»

ዘውድ። ጎፈር። ጎፈር። ፊት የተቀመጠው ሮቤራ ከወረቀቱ ላይ ቀድሞኝ ያነባል፤ ሳንቲሟ ትከተለዋለች። አሥራ ዘጠኝ ስንደርስ የሚስቅ አልነበረም።

ሃያኛውን ወረወርኩ።

ሰዓቴ አልቋል፤ ቀጣዩ መምህር በር ላይ ቆሟል። እኔ መዳፌን እንደዘረጋሁ ነኝ።